የተጫዋች ልብ "መብራት" ከየት ይመጣል?

ቅዳሜ፤ እ.ኤ.አ ጁን 12 ቀን 2021። በኮሮና ምክንያት አንድ ዓመት የዘገየው የአውሮፓ ዋንጫ ከተጀመረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ኮፐንሃገን በሚገኘው ፓርከን ስታዲየም ዴንማርክ ፊንላንድን እያስተናገደች ነው። 43ኛው ደቂቃ ላይ ዴንማርኮች የእጅ ውርወራ አገኙና ኳሱ ወደ 10 ቁጥሩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ተወረወረ። ማንም አልነካውም፤ ማንም አልጠለፈውም። አንድ ሁለት እርምጃ ተንገዳገደና እንደተገነደሰ ዛፍ በግንባሩ ተደፋ።

እንግሊዛዊው ዳኛ አንቶኒ ቴይለር ጊዜ አላጠፋም፤ ወዲያው ሐኪሞችን ጠራ። አምበሉ ሲሞን ኬር ከማንም ቀድመው ከደረሱት አንዱ ነበር። የቡድን ጓደኞቹ ጀርባቸውን ለኤሪክሰን ሰጥተው እንደ አጥር ከበቡት። ግማሾቹ ያለቅሳሉ፣ ግማሾቹ ይጸልያሉ፤ ስታዲየሙ ፀጥ እረጭ ብሏል። በመሃል ሐኪሞቹ ደረቱን ይጫናሉ። ከዚያ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ሰጡት፤ አንድ ብቻ። ልቡ ተመለሰች።

የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም ሞርተን ቦሰን በማግስቱ ሲናገር የተጫዋቹ ልብ ቆሞ እንደነበር፣ ሰውዬው "ሄዶ" እንደነበርና በአንድ ምት እንደመለሱት ነበር ያስረዳው።

ነገሩን የተመለከተ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቋል። ኤሪክሰን 29 ዓመቱ ነው፤ ከሳምንታት በፊት ከኢንተር ሚላን ጋር የሴሪ አ ዋንጫ አንስቷል፤ በየጊዜው በሐኪም የሚታይ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ሆኖ ማንም ሳይነካው ይወድቃል? ደግሞስ ኤሌክትሪክ ጣለው እንዳይባል ኤሌክትሪክ ነው ያዳነው። ለመሆኑ ልብ ውስጥ ኤሌክትሪክ ምን ይሠራል?

ቧንቧና መብራት

ልብን እንደ አንድ ቤት ብናያት ሁለት ዓይነት ብልሽት ሊደርስባት ይችላል፤ የቧንቧና የመብራት።

የቧንቧውን ችግር የአርሰናል ደጋፊዎች በንዋንኮ ካኑ ያውቁታል። ናይጄሪያዊው አጥቂ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቆ ኢንተር ሚላን ሲገባ በተደረገለት ምርመራ የልቡ ቫልቭ በደንብ እንደማይዘጋ ታወቀ። "ኳስ በቃው" ተብሎ ነበር። አሜሪካ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ1997 ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በ1999 መድፈኞቹን ተቀላቅሎ የሠራውን ደግሞ ቼልሲዎች ይመስክሩ። የካኑ ችግር የደም መተላለፊያ በር ነበር፤ ሐኪሞች በሩን ጠገኑት፤ አለቀ።

የመብራቱ ግን ይለያል። መብራት ሲጠፋ ግድግዳው አይሰነጠቅም፤ ቧንቧው አይፈነዳም፤ ቤቱ ሙሉ ነው፤ ግን ጨለማ ነው። በጁን 26 ቀን 2003 በሊዮኑ ዠርላንድ ስታዲየም ካሜሩን ከኮሎምቢያ የኮንፌዴሬሽን ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ስትጫወት በ72ኛው ደቂቃ መሃል ሜዳ ላይ የወደቀው ማርክ ቪቪየን ፎዬ፣ በ2007 በሲቪያ ማሊያ ወድቆ ከሦስት ቀን በኋላ ያረፈው የ22 ዓመቱ አንቶኒዮ ፑኤርታ፣ በ2012 በዋይት ሃርት ሌን የወደቀው የቦልተኑ ፋብሪስ ሙአምባ... የሁሉም የልብ ሕመም መነሻ አንድ አይደለም። የፎዬ ለምሳሌ ከተለመደው በላይ የወፈረ የልብ ጡንቻ ነበር። በመጨረሻዋ ደቂቃ የሆነው ነገር ግን ይመሳሰላል፤ የልብ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ይበተናል።

ይህ ኤሌክትሪክ ከየትም የተሳበ አይደለም። ሽቦ የለውም፤ ጄኔሬተር የለውም። እያንዳንዱ የሰውነት ህዋስ ራሱ በራሱ የሚያመነጨው ነው። ከምን? ከጨው!

የካታንጋ በር

እያንዳንዱ ህዋስ በስስ ሽፋን ተጠቅልሏል። ሽፋኑ ምን ያህል ስስ ነው ከተባለ፣ አንድ ወረቀት ከአሥር ሺህ በላይ ቢሰነጠቅ አንዱን ስንጥር ያህላል። ከሽፋኑ ውስጥም ውጪም ያለው ጨዋማ ውሃ ነው። ጨዎቹ ግን አይመሳሰሉም። ውጪ በብዛት ያለው ሶዲየም ነው፤ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው አንዱ ክፍል ማለት ነው። ውስጥ በብዛት ያለው ደግሞ በሙዝና በድንች የሚታወቀው ፖታሲየም ነው። ሶዲየም ከውስጥ ይልቅ ውጪ አሥር እጥፍ ያህል ይበዛል። ፖታሲየም በተቃራኒው ውስጥ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይበዛል። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ሲሟሙ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከሙ ቅንጣቶች ይሆናሉ።

አሁን አዲስ አበባ ስታዲየምን በጊዮርጊስና በቡና ደርቢ ቀን እናስበው። ካታንጋ በር ላይ ተሰልፎ የሚጋፋው ሕዝብ ሶዲየም ነው እንበል። ውስጥ ተጨናንቆ የተቀመጠው ፖታሲየም ነው። ለውጪው ሕዝብ በሩ ተዘግቷል። ለውስጠኛው ግን ሁልጊዜ ክፍት የሆኑ ጠባብ መውጫዎች አሉት። ከተጨናነቀበት የሚወጣ አይጠፋምና ፖታሲየም በመውጫው እየሾለከ ይወጣል።

ታዲያ እያንዳንዱ ፖታሲየም ሲወጣ የያዘውን ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ነው የሚሄደው። ፖዘቲቩ በቀነሰ ቁጥር ውስጡ ኔጋቲቭ እየሆነ ይመጣል። ኔጋቲቭ ደግሞ ፖዘቲቭን ይስባልና ሊወጣ ያለውን "ወዴት ነው!" ብሎ ይጎትተዋል። መጨናነቁ ወደ ውጪ ይገፋል፤ ስበቱ ወደ ውስጥ ይመልሳል። ሁለቱ አቻ የሚወጡበት ነጥብ ላይ ሲደረስ በልብ ጡንቻ ህዋስ ውስጥና ውጪ መካከል 90 ሚሊቮልት ያህል ልዩነት ይፈጠራል፤ ውስጡ ኔጋቲቭ ሆኖ። በነርቭ ህዋስ ደግሞ 70 አካባቢ ነው።

90 ሚሊቮልት ምን አላት? የአንድ የሬዲዮ ድንጋይ አሥራ አምስተኛ እጅ እንኳ አትሞላም። ግን እኮ ያረፈችው እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን ላይ ነው። በሜትር ቢሰላ ከአሥር ሚሊዮን ቮልት በላይ ይመጣል። ደረቅ አየርን ሰንጥቆ ብልጭታ ለማውጣት በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ይበቃል። እንግዲህ እያንዳንዱ ህዋስ ፀጥ ብሎ በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ የተወጠረ ቀስት ነው።

በሮቹም ተራ ቀዳዳ አይደሉም፤ እንደ ጎበዝ ትኬት ቆራጭ ሰው ይለያሉ። አሜሪካዊው ሮድሪክ ማኪነን በ1998 የአንዱን የፖታሲየም በር ቅርጽ ገልጦ ሲያሳይ የቆየ እንቆቅልሽ ነው የፈታው። ሶዲየም ከፖታሲየም ያንሳል፤ ታዲያ ትልቁ የሚያልፍበት በር ትንሹን እንዴት ይከለክላል? መልሱ በሩ ልክ በፖታሲየም መጠን የተሰፋ ልብስ መሆኑ ነበር። ፖታሲየም የከበበውን ውሃ አውልቆ ሲገባ የበሩ ግድግዳ በውሃው ፋንታ ልክክ ብሎ ይይዘዋል። ሶዲየም ግን ልኩ ስላልሆነ ውሃውን ማውለቅ አያዋጣውም። እንዲህ እየለየም በሩ በሴኮንድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩትን ያሳልፋል። ማኪነን በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

በሩ ሲበረገድ

አሁን ከጎረቤት ህዋስ ትንሽ ግፊት መጣ እንበል። ውስጡ ከኔጋቲቭ 90 ትንሽ ከፍ ሲልና የተወሰነ ነጥብ ሲያልፍ የሶዲየም በሮች በአንዴ ይበረገዳሉ። እነዚህ በሮች ራሳቸው የቮልቴጁን ለውጥ ሰምተው የሚከፈቱ ናቸው። ያን ጊዜ ነው የካታንጋው ሕዝብ "ሆ!" ብሎ የሚገባው። ሶዲየም ይጎርፋል፤ ኔጋቲቭ የነበረው ውስጥ ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ፖዘቲቭ ይሆናል። በሮቹ እንደገና ጥርቅም ይላሉ። ቀጥሎ ተጨማሪ የፖታሲየም መውጫዎች ይከፈታሉ፤ ፖታሲየም ይወጣል፤ ህዋሱ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል። የኤሌክትሪክ ምልክት ማለት በቃ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ግማሽ የሚባል ነገር የለም። ግፊቱ ነጥቡን ካላለፈ ምንም አይሆንም፤ ካለፈ ደግሞ ሙሉው ይሆናል። ጎል ወይ ይገባል ወይ አይገባም፤ ግማሽ ጎል የለም።

በነርቭ ይህ ሁሉ በሴኮንድ አንድ ወይም ሁለት ሺሕኛ ያልቃል። በልብ ጡንቻ ግን ሌላ ተጫዋች ተቀይሮ ይገባል፤ ካልሲየም። ሶዲየም በሩን ከፍቶ ከገባ በኋላ ካልሲየም በዝግታ እየገባ ምልክቱን እስከ ሴኮንድ ሦስት አሥረኛ ድረስ ያቆየዋል። ጡንቻው እንዲጨመተር ትእዛዝ የሚሰጠውም እሱ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ጉልበት የሚቀየረው እዚህ ላይ ነው።

ግን በዚህ ዓይነት ሶዲየም ሁሉ ገብቶ፣ ፖታሲየም ሁሉ ወጥቶ አያልቅም ወይ? በአንድ ምልክት የሚገባውና የሚወጣው ከጠቅላላው ኢምንት ነው። ቢሆንም በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ለሚመታ ልብ ኢምንቱም ይጠራቀማል። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ሌት ተቀን የሚሠራ ፓምፕ አለ። ሦስት ሶዲየም ያስወጣል፤ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፤ ከምግብና ከኦክስጅን የተገኘ ጉልበት ይበላል። ይህን ፓምፕ በ1957 በሸርጣን ነርቭ ላይ ያገኘው ሰው የኤሪክሰን አገር ልጅ ነው፤ ዴንማርካዊው የንስ ስኮው። ኖቤሉ አርባ ዓመት ዘግይቶ በ1997 መጣለት።

ከፕሊመዝ የመጣው ምስክር

ይህን ሁሉ ሰው ዓይቶ ሳይሆን ለክቶ ነው ያወቀው። የመጀመሪያው ትልቅ ልኬት የተካሄደው በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በፕሊመዝ ነው። በኦገስት 1939 የ25 ዓመቱ አለን ሆጅኪንና የ21 ዓመቱ አንድሩ ሃክስሊ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ይዘው ቁጭ አሉ። ስኩዊድን የመረጡት እስከ አንድ ሚሊሜትር የሚወፍር ግዙፍ የነርቭ ክር ስላለው ነው። በክሩ ውስጥ ለውስጥ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አስገብተው ቮልቴጁን ለኩ።

እስከዚያ ድረስ የሚታመነው ምልክት ሲያልፍ የውስጡ ኔጋቲቭ ወደ ዜሮ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ አቻ ይወጣል እንደማለት። መሣሪያው ግን ሌላ ውጤት አሳየ። ውስጡ ዜሮ ላይ አልቆመም፤ አልፎ ፖዘቲቭ ሆነ! አንድ ነገር ከውጪ እየገባ ነው ማለት ነው።

ሳይውል ሳያድር በሴፕቴምበር ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሁለቱ ወጣቶች አጭር ዘገባ አሳትመው ተለያዩ፤ ሆጅኪን ወደ ራዳር ሥራ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሰው የሚገባው ሶዲየም፣ የሚወጣው ፖታሲየም መሆኑን አረጋገጡ። በ1952 ነገሩን በሒሳብ ቀመር አስቀመጡት። በወቅቱ የካምብሪጅ ኮምፒዩተር ለሥራ ዝግጁ ስላልነበር ሃክስሊ ሒሳቡን የሠራው በእጅ በሚዘወር ማሽን ነው። ቀመሩ ምልክቱ በስኩዊዱ ነርቭ ላይ በሴኮንድ 18.8 ሜትር ይጓዛል አለ። በመሣሪያ የተለካው 21.2 ሜትር ነበር። እጅ እያዞሩ ለተሠራ ሒሳብ ይህ ማዕዘን ላይ የገባ ጎል ነው። በ1963 ከጆን ኤክልስ ጋር ኖቤልን ተካፈሉ።

የሰው ነርቭ ደግሞ ክሩ ስብ በበዛበት ሽፋን ስለሚጠቀለል ፈጣኖቹ በሴኮንድ ከመቶ ሜትር በላይ ያስኬዱታል። ያም ሆኖ ጊዜ ይወስዳል። በአትሌቲክስ ከተኩሱ በኋላ በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ሳይሞላ የተነሳ ሯጭ ቀድሞ እንደተነሳ የሚቆጠረው ለዚህ ነው፤ ድምፁ ከጆሮ አንጎል፣ ከአንጎል እግር እስኪደርስ ያን ያህል ይፈጃል ተብሎ ይታሰባል። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር የምትበር ፍጹም ቅጣት ምት ደግሞ 11 ሜትሩን በሴኮንድ አራት አሥረኛ ትጨርሰዋለች። በረኛ ቀድሞ የሚወረወረው ወዶ አይደለም።

የሜክሲኮ ማዕበል

ወደ ልብ እንመለስ። አንድ ህዋስ ምልክት ቢያመነጭ ብቻውን ደም አይገፋም። በቢሊዮን የሚቆጠሩት ህዋሳት በተራቸው መነሳት አለባቸው። ይህን ለመረዳት ደግሞ ከ1986ቱ የዓለም ዋንጫ በኋላ በየስታዲየሙ የተለመደውን "የሜክሲኮ ማዕበል" ማስታወስ ይበቃል። አንዱ ተነስቶ እጁን ይሰቅልና ይቀመጣል፤ ጎኑ ያለው ይቀጥላል። ማንም ከወንበሩ አይንቀሳቀስም፤ ማዕበሉ ግን ስታዲየሙን ይዞራል። የህዋስ ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ሶዲየም ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አይሮጥም፤ እዚያው ገብቶ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል።

አሁን የተቀመጠ ሰው ወዲያው ተመልሶ አይነሳም፤ ትንሽ ያርፋል። ህዋሱም ምልክት ከሰጠ በኋላ በሮቹ ለአፍታ አይከፈቱም። ማዕበሉ ወደ ኋላ የማይመለሰው በዚህ ነው።

ማዕበሉን የሚጀምረው ማን ነው? በልብ የቀኝ የላይኛው ክፍል ያሉ ጥቂት ህዋሳት። እነሱ እንደሌሎቹ ቁጭ ብለው ግፊት አይጠብቁም። በእረፍታቸው ጊዜ እንኳ ትንሽ ትንሽ ፖዘቲቭ ያስገባሉ፤ ነጥቡ ጋ ይደርሳሉ፤ ይነሳሉ። እንደገና ይጀምራሉ። በ1979 ይህን የሚያስገባውን ጅረት ይፋ ያደረጉት ተመራማሪዎች ጠባዩ ግራ ቢያጋባቸው "አስቂኙ ጅረት" ብለውታል፤ ስሙም በዚያው ጸና። ተራ ሰው ላይ እነዚህ ህዋሳት በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ማዕበል ያስነሳሉ። የረጅም ርቀት ሯጮች ላይ ወደ 40 ዝቅ ሊል ይችላል።

ማዕበሉ ሲበተን

አደጋው የሚመጣው ማዕበሉ ሲሰበር ነው። ከስታዲየሙ አንድ ክፍል ማዕበሉን የማያስተላልፍ ጠባሳ ቢኖርበት፣ ወይም ጡንቻው ከልክ በላይ ቢወፍር፣ ወይም በውርስ በመጣ ስህተት የፖታሲየሙ በር ዘግይቶ ቢከፈት፣ ማዕበሉ ይታጠፋል፤ ይሰነጠቃል፤ ራሱን እያሳደደ ይሽከረከራል። ሚስማር ተራ በራሱ ይነሳል፤ ጥላ ፎቅ በራሱ፤ ካታንጋ በራሱ። ሁሉም ይጮሃል፤ ማዕበል ግን የለም። ልብም እንዲሁ ትርገበገባለች እንጂ አትመታም። ደም አይወጣም።

አንዳንዴ ጤነኛ ልብም በመጥፎ ሰዓት ከተመታ ይደናገጣል። በጃንዋሪ 2 ቀን 2023 የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ዳማር ሃምሊን ደረቱን ተመትቶ ተነሳና ወዲያው ወደቀ። ልቡ ከምት ወደ እረፍት በምትመለስባት ከዓይን ጥቅሻ ባነሰች ቅጽበት ላይ ነበር ምቱ ያረፈው። እሱም በመጫን እና በኤሌክትሪክ ምት ተርፎ በዚያው ዓመት ወደ ሜዳ ተመልሷል።

ያ ምት ታዲያ ምን ያደርጋል? ብዙዎች የቆመ ልብ "ያስነሳል" ብለው ያስባሉ፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ዴፊብሪሌተር የሚባለው መሣሪያ ልብን ዝም ያሰኛል! በየአቅጣጫው የሚጮኸውን ስታዲየም በአንድ ፊሽካ ሁሉንም በአንዴ ያስነሳና በአንዴ ያስቀምጣል። ለአፍታ ፀጥታ ይሆናል። በዚያች ፀጥታ የማዕበሉ ጀማሪ የሆኑት ህዋሳት ይነሳሉ፤ ሌላው ይከተላል። ጭራሹን ምንም ኤሌክትሪክ የሌለው ልብ ላይ ምቱ የማይሠራውም ለዚህ ነው። መሣሪያው ራሱ ልቡን አንብቦ ካላመነበት አይመታም።

ደቂቃዋ

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ የሰዓት ነው። ደም ሲቋረጥ አንጎል በአሥር ሴኮንድ አካባቢ ራሱን ይስታል። ኦክስጅን ሲያልቅ ከላይ የተነሳው ፓምፕ ጉልበት ያጣል፤ ሶዲየም ያለ ገደብ ይገባል፤ ፖታሲየም ይወጣል፤ የተወጠረው ቀስት ይረግባል። ከአራትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ይጀምራል። ምንም ካልተደረገ በየደቂቃው የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። አሥር ደቂቃ ማለት እንግዲህ የጨዋታው ማብቂያ ነው።

ፋብሪስ ሙአምባ በማርች 17 ቀን 2012 ሲወድቅ ቶተንሃምና ቦልተን አንድ አቻ ነበሩ። ከተመልካች መሃል የልብ ሐኪም የሆነ የስፐርስ ደጋፊ፣ ዶክተር አንድሩ ዲነር፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ሜዳ ሮጠ። የ23 ዓመቱ ወጣት ልብ ለ78 ደቂቃ በራሷ አልመታችም። 15 የኤሌክትሪክ ምት ተሰጠው። ያን ሁሉ ጊዜ ደም ወደ አንጎሉ የላከው ማን ነው? የሰዎች እጅ! ደረቱን ያለማቋረጥ የሚጫኑ እጆች። ሙአምባ ኳስ ቢያቆምም ዛሬ ልጆቹን ያሳድጋል።

አስቀድሞ ማወቅም ይቻላል። በልብ ላይ የሚያልፈው ማዕበል ቆዳ ላይ ሲደርስ አንድ ሚሊቮልት ያህል ሆኖ ይለካል። ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን ይህን በወረቀት አሰፈረና በ1924 ኖቤል ተሸለመ፤ ኢሲጂ የምንለው ነው። ጣሊያን በ1982 ለውድድር የሚቀርብ ስፖርተኛ ሁሉ ኢሲጂ እንዲነሳ አስገደደች። በቬኔቶ ግዛት ከ1979 እስከ 2004 የተደረገ ክትትል በወጣት ስፖርተኞች ላይ ድንገተኛ የልብ ሞት በ89 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ሁሉን ግን አይዝም፤ ኤሪክሰንም በዚያችው ጣሊያን ነበር የሚጫወተው።

ስለዚህ ነው ነገሩ ሐኪም ላይ ብቻ የማይጣለው። በየሰፈሩ ሜዳ ስታዲየምም፣ ሐኪምም፣ መሣሪያም የለም። ሰው ሲወድቅ የሚደረገው ይታወቃል፤ ውሃ ይደፉበታል፤ ክብሪት ጭረው ያሸቱታል፤ "አየር ስጡት!" እየተባለ ይጮሃል፤ ከዚያ አራት ሆነው ተሸክመው ታክሲ ፍለጋ ይሮጣሉ። ደቂቃዋ እንዲህ ታልቃለች።

ማንም ሳይነካው የወደቀ፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ በደንብ የማይተነፍስ ሰው ልቡ እንደቆመ ነው የሚቆጠረው። አንዱ ስልክ ይደውል። ሌላው ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኝቶ ሁለት እጁን አነባብሮ ደረቱ መሃል ላይ ያድርግና ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር እየሰመጠ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። ሲደክመው ይቀየር። የሚንፈራገጥ መስሎ ቢታይ፣ ሲቃ የመሰለ ትንፋሽ ቢያወጣ "ደህና ነው" ብሎ መተው የለበትም፤ እሱም አንዱ ምልክት ነው። መሣሪያ ባለበት ደግሞ ሳይፈሩ ማውጣት ነው፤ ማሽኑ ራሱ እየተናገረ ይመራል።

1,100 ቀናት

ኤሪክሰን ቆዳው ሥር ማዕበሉን የሚጠብቅ ትንሽ መሣሪያ ተተከለለት። ልቡ ከተበተነች ራሱ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ማለት ነው። የጣሊያን ደንብ ይህን ይዞ መጫወት ስለማይፈቅድ በዲሴምበር 2021 ከኢንተር ጋር ተለያየ። ብዙዎች በቃ አሉ። በፌብሩዋሪ 2022 በብሬንትፎርድ ማሊያ ተመለሰ። በማርች ወር ለዴንማርክ ከሆላንድ ጋር ተቀይሮ ገብቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አገባ። በክረምቱ ማንቸስተር ዩናይትድ ወሰደው።

ከዚያ ጁን 16 ቀን 2024 መጣ። ሽቱትጋርት፤ የአውሮፓ ዋንጫ፤ ዴንማርክ ከስሎቬንያ። 17ኛው ደቂቃ ላይ የተወረወረው ኳስ ወደ ዮናስ ቪንድ ሄደ፤ ቪንድ በተረከዙ አሳለፈለት፤ ኤሪክሰን በደረቱ አብርዶ መረብ ላይ አሳረፈው። ሁሉም ነገር የጀመረው እንደገና በእጅ ውርወራ ነበር። ከፓርከኑ ቀን 1,100 ቀናት ተቆጥረዋል።

ኳሱን ያበረደው ደረት ያን ዕለት የተጫኑት ደረት ነው።